ዶክተሯ ጀበናውን ያዩበት ጠዋት

እናቴ እንቅርቷን በቀዶ ሕክምና ካስወጣች ወዲህ ሌቮታይሮክሲን የሚባለውን የሆርሞን ክኒን በየቀኑ ትውጣለች፤ ዕድሜ ልኳንም ስትውጠው ትኖራለች። መጠኑ ልክ መሆኑ የሚታወቀው በየጊዜው ደም ሰጥታ፣ የሆርሞኑን ማነስና መብዛት የሚያሳየው ቲኤስኤች የሚባለው ሲለካ ነው። የምንኖረው ግንፍሌ አካባቢ፣ ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን፣ ጉልበቷን ስለሚያማት ደረጃውን ሁለት ቦታ ዐርፋ ነው የምትወርደው። ለአንድ ክትትል ሦስት ጊዜ እንወርድ ነበር፤ አንድ ቀን ደም ለመስጠት፣ ሌላ ቀን ውጤት ለመቀበል፣ በሦስተኛው ደግሞ ከንጋቱ 12 ሰዓት ካርድ ክፍል ተሰልፈን ሐኪም ለማግኘት። ከዚያ ሁሉ በኋላ ሐኪሙ ፊት የምንቀመጠው ዐሥር ደቂቃ ለማይሞላ ጊዜ ነበር። ወረቀቱን ያያሉ፣ «መድኃኒቱን በትክክል ይወስዳሉ?» ይሏታል፣ እሷም «አዎ ልጄ» ትላለች፣ ቀጠሮ ይጻፍልናል። በሐኪሞቹ አልፈርድም፤ ከበሩ ውጭ የተሰለፈውን ሕዝብ አይቻለሁ።

ሥራው ወረቀት ማየትና መጠየቅ ከሆነ በስልክም ይሆናል ብዬ ክትትሉን ወደ ቪዲዮ አዛወርኩት። ከሆርሞን ስፔሻሊስት ጋር በቪዲዮ የሚያገናኝ የግል ክሊኒክ አገኘሁ፣ ክፍያውን በቴሌብር ፈጸምኩ፣ ደሙን አራት ኪሎ ባለ ላቦራቶሪ አሰጥቼ የውጤቱን ፎቶ በቴሌግራም ላክሁ። የመጀመሪያው ቀጠሮ ግን አመለጠን። በተላከልን መልእክት ላይ የተጻፈው «3:00» ብቻ ስለነበር፣ እናቴ ነጠላዋን ለብሳ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ስልኩ ፊት ተቀመጠች፤ ለካ በፈረንጅ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ፣ ማለትም በእኛ 9 ሰዓት ኖሯል። እኛ ተስፋ ቆርጠን ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክተን በተኛንበት ሰዓት ዶክተሯ ደውለው ነበር። ከዚያ ወዲህ ቀጠሮ ሲደርሰኝ ሰዓቱንም ቀኑንም በሁለቱም አቆጣጠር ጽፌ መልሼ አረጋግጣለሁ።

ለሁለተኛው ቀጠሮ ተዘጋጅቼ ጠበቅሁ። የቀድሞዎቹን ሦስት ውጤቶች ከነቀናቸው በአንድ ወረቀት ላይ በተርታ ጻፍሁ፤ እናቴን አምስት ደቂቃ ዝም ብላ እንድትቀመጥ እያደረግሁ ለሦስት ጠዋት ግፊቷንና የልብ ምቷን ለካሁ። የአንገቷ ጠባሳ እንዲታይ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙሬ አስቀመጥኋትና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ከስኳሩ ጣሳ ጋር አስደግፌ አቆምሁት።

በሆስፒታል መጠኑ ሁለት ጊዜ ከፍ ተደርጎላት 125 ማይክሮግራም ደርሳ ነበር፤ ቲኤስኤቿ ግን አልወርድ ብሎ 11.8 ላይ ነበር። (ቁጥሩ ከፍ አለ ማለት ሰውነት ሆርሞኑ አንሶታል ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ልክ ነው የሚባለው ከ0.4 እስከ 4 ያለው ነው።) ዶክተሯ ውጤቱን አይተው ዝም አሉና ዓይናቸው ከእናቴ ኋላ ባለው ረከቦት ላይ ዐረፈ።

«እማማ፣ ከሲኒዎቹ አጠገብ ያለው ክኒኑ ነው?»

«አዎ ልጄ፣ እንዳልረሳው ብዬ ነው። ቡናው ሲቀዳ አብሬ እውጠዋለሁ።»

«ነጩ ብልቃጥስ?»

«ካልሲየም ነው። ሁለቱንም ባንዴ ነው የምገላግላቸው።»

«በጾምስ?»

«በጾም እስከ 9 ሰዓት ውኃም በአፌ አይዞርም፤ ከምሳዬ ጋር እውጠዋለሁ።»

ቡናም ምግብም ወደ ደም የሚገባውን የክኒኑን መጠን ይቀንሳሉ፤ ካልሲየም ደግሞ ከእሱ ቢያንስ በ4 ሰዓት መራቅ አለበት። «በትክክል ይወስዳሉ?» ለሚለው ጥያቄ እናቴ አንድም ቀን አልዋሸችም፤ በእሷ ቤት ትክክል ማለት አለመርሳት ነበር። እኔም በየጠዋቱ እዚያው ረከቦት ፊት ተቀምጬ ቡናዬን ስጠጣ ክኒኑን አይቼ አላየሁትም። ዶክተሯ ቡናውን ይተዉ አላሏትም፤ ብለዋትም ቢሆን አትተወውም ነበር። እራቷን ምሽት 1 ሰዓት ላይ ስለምትበላ ክኒኑን ሌሊት 4 ሰዓት ላይ ስትተኛ በውኃ እንድትውጠው፣ ካልሲየሙን ከምሳዋ ጋር እንድታደርገው አዘዙ። በዚህም ጾሟም ቡናዋም ሳይነኩ ቀሩ። የሆርሞኑ ግማሽ ከሰውነት ለመውጣት ሳምንት ያህል ስለሚፈጅበት፣ ከ6 ሳምንት በፊት ደም መስጠት ትርጉም እንደሌለውም አስረዱን። ክኒኑ አሁን በደንብ ከገባ 125 ሊበዛባት ስለሚችል፣ ልቧ በፍጥነት ቢመታ ወይም እንቅልፍ ቢያጣት ቀጠሮ ሳንጠብቅ እንድንደውል አስጠነቀቁን።

በአምስተኛው ሳምንት ልቧ በፍጥነት መምታት ጀመረ። ደወልሁ፤ ዶክተሯ ጣቶቼን በእጅ አንጓዋ ላይ አስደርገው አንድ ደቂቃ ሙሉ አስቆጠሩኝ፤ 112 ሆነ። «ይህን በስክሪን መጨረስ አልችልም፤ ምቱ መዛባት አለመዛባቱ በኢሲጂ፣ በልብ ምት መመዝገቢያው መሣሪያ፣ ይታይ፤ አሁኑኑ ወደ ሆስፒታል ውሰዳት» አሉኝ። በዚያች ቅጽበት ቪዲዮው ያላለቀለት ነገር እንደሆነ ተሰማኝና ተበሳጨሁ፤ ደረጃውን ስንወርድ ግን፣ መልካም ቃል ነግረውኝ ቢያሰናብቱኝ ኖሮ ይሻል ነበር ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ኢሲጂው ፈጣን እንጂ የተዛባ ምት አላሳየም፤ ቲኤስኤቿ ወደ 0.1 ወርዶ ስለነበር መጠኑ 100 ተደረገ። ከ6 ሳምንት በኋላ 2.3 ሆነ።

ያልተፈታው የመድኃኒት ማዘዣው ጉዳይ ነው። ፒያሳ ያለ አንድ መድኃኒት ቤት የማዘዣውን ፎቶ አልቀበልም፣ ፊርማና ማኅተም ያለበትን ወረቀት አምጣ ብሎ መለሰኝ፤ ስለዚህ አሁን ወረቀቱን ከክሊኒኩ በሞተረኛ አስመጣለሁ። መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩም አብሮ ስለሚጠፋ የሞባይል ዳታ ቀድሜ እገዛለሁ።

እናቴ አሁን ለአንድ ክትትል ደረጃውን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለደሙ ትወርዳለች። ቀጠሮ በደረሰ ቁጥር ግን ረከቦቱን ከካሜራው ፊት አንስታ መጋረጃ ኋላ ትደብቀዋለች፤ እኔም እሷ ነጠላዋን ስታስተካክል መልሼ ቦታው ላይ አደርገዋለሁ።