ጦሳ ሥር የቀመስኩት የሸንኮራ መጠጥ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው የ400 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ የቦርከናን ሸለቆ ይዞ ሐርቡን አልፎ ወደ ኮምቦልቻ ሲቃረብ፣ መንገድ ዳር ሸንኮራ አገዳ አቁመው የሚሸጡ ልጆች ስላየሁ ሾፌሩን አስቁሜ አንድ እቅፍ ገዛሁ። በሻንጣዬ ውስጥ ወንድሜ ከሜክሲኮ ያመጣልኝ ያልተከፈተ የነጭ ሩም ጠርሙስ ነበር፤ በዋሃካ ግዛት፣ የማሳቴክ ሕዝብ በሚኖርበት ተራራማ አገር ከበቀለ ሸንኮራ የወጣ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ለመቅመስ የመረጥኩት ቦታ ደሴ የሚገኘው የአክስቴ ቤት ሲሆን፣ እርሳቸው አረቄ በማውጣት ልጆቻቸውን ያሳደጉ ሴት በመሆናቸው ለዚህ ነገር ከእርሳቸው የተሻለ ዳኛ አላውቅም።

የሐረጎን ዳገት ወጥተን ስንደርስ መሽቶ፣ የደሴው ተራራ ጦሳም በጉም ተሸፍኖ ነበር።

በዓለም ገበያ የሚገኘው አብዛኛው ሩም የሚወጣው ስኳር ከተመረተ በኋላ ከሚተርፈው ጥቁር ሞላሰስ ነው። የእነዚያ ተራሮች ሰዎች ግን አገዳውን ጨምቀው፣ ጭማቂውን ከአገዳውና ከአየሩ በሚያገኘው እርሾ እንዲፈላ ትተው፣ ከዚያ በመዳብ ዕቃ ያወጡታል፤ በእንጨት በርሜል ስለማያቆዩትም መጠጡ እንደ ውኃ ጥርት ያለ ነው። ይህን ለአክስቴ ስነግራቸው፣ «ታዲያ ብቅሉስ? ጌሾውስ?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄያቸው የባለሙያ ጥያቄ ነበር፤ የእህል አረቄ ብቅል የሚፈልገው በእህሉ ውስጥ ያለው ስታርች መጀመሪያ ወደ ስኳር መለወጥ ስላለበት ነው፤ ሸንኮራው ግን ስኳሩን ይዞ ይመጣል።

አክስቴ ጠርሙሱን ተቀብለው ነቅነቅ አደረጉና አረፋው እስኪጠፋ በኩራዝ ብርሃን ትኩር ብለው አዩት፤ መብራት ጠፍቶ ነበርና። «ይኼ ዳግም ነው እንጂ ተራ አይደለም» አሉ፤ ዳግም ማለት ሁለት ጊዜ የወጣ ጠንካራ አረቄ ነው። በዚያው በዋሃካ መስካል የተባለውን የአጋቬ ተክል አረቄ የሚያወጡ ሰዎችም የመጠጡን ጥንካሬ የሚለኩት አረፋውን በማየት መሆኑን አውቅ ስለነበር፣ ይህን ከአክስቴ እጅ ሳይ ልቤ በደስታ ሞላ።

በመለኪያ ቀዳሁ። ሽታው ገና የተቆረጠ አገዳ፣ ዝናብ የመታው ሣርና በጣም የበሰለ ሙዝ ነው፤ ምላስ ላይ መጀመሪያ ያቃጥላል፣ ቀጥሎ ጨው ጨው የሚል ነገር ይመጣል፣ ከተዋጠ በኋላ ደግሞ ስኳር ሳይኖርበት የጣፋጭነት ስሜት ትቶ ይሄዳል። ከዚያ የቦርከናውን አገዳ ልጬ መጠጥኩ፣ እንደገናም ሩሙን ተጎነጨሁ፤ ያ አረንጓዴ ጠረን ሳይለወጥ በሁለቱም ውስጥ አለ። አክስቴም ደጋግመው ቀምሰው፣ «እሳቱ አልገደለውም፣ ልጄ» አሉኝ። ቡና ሊጠጡ የመጡት ሙስሊም ጎረቤታቸው መጠጡን ባይቀምሱም አገዳውን እየመጠጡ ከሐርቡ መሆኑን ሳልነግራቸው ለዩት።

በአገራችን ሸንኮራ ወይ ይመጠጣል፣ ወይም ወንጂ በ1946 ዓ.ም. እንደጀመረው በፋብሪካ ስኳር ይሆናል፤ ከጭማቂው አረቄ ሲወጣ እኔ አይቼ አላውቅም። በማግስቱ ጠዋት ስነሳ ግን አክስቴ የተረፈውን አገዳ ቆራርጠው፣ አጠገባቸው የታጠነ እንስራ አስቀምጠው፣ በሙቀጫ እየወቀጡ አገኘኋቸው።