የስምንት ወር ደብተር፦ ረጅም ኳስ፣ መነጽር፣ ትንፋሽ

ጥቅምት ላይ ስጀምር ዓላማዬ አንድ ብቻ ነበር። ፑል ላይ ረጅም ኳስ መክተት። ከጠረጴዛው ጫፍ እስከ ጫፍ፣ ቀጥ ያለ፣ ሰበብ የማይደረደርለት ኳስ። አሁን ሰኔ ገባ። ደብተሬን ሳገላብጠው ግን ከኳሱ ይልቅ ስለ ዓይኔ፣ ስለ ወገቤና ስለ ትንፋሼ የጻፍኩት ይበልጣል። ጭራሽ ከኋላው ገጽ ላይ የሞቱ ተጫዋቾች ስም ከነዕድሜያቸው ተደርድሯል። ባለቤቴ አንድ ቀን ከፍታ አየችውና «ይሄ የጨዋታ ደብተር ነው የዕድር መዝገብ?» አለችኝ።

48 ዓመቴ ነው። ደሴ ተወልጄ እዚሁ ያደግኩ። ፑል በልጅነቴ ነክቼ፣ «የዱርዬ ቤት ገባህ» ተብዬ ተገርፌ፣ ከዚያ ሥራና ልጅ መጥተው ለሃያ ምናምን ዓመት የተውኩት ነገር ነው። የመለሰኝ ስኑከር ነው፣ በትልቅ ጠረጴዛ የሚጫወቱት የፑል ዘመድ፤ ማታ ማታ በስልክ እያየሁ ሱስ ሆነብኝ። የስኑከር ጠረጴዛ ባለ 12 ጫማ ነው። እኛ የምንጫወትበት ፑል ከግማሹ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ስለዚህ ለራሴ ልምምድ ፈጠርኩ፦ ነጯን መምቻ ኳስ አንዱ ጫፍ፣ አንድ ኳስ መሃል ላይ፣ አሥር ሙከራ፣ የገባውን መቁጠር። ጥቅምት ላይ ከአሥር ሦስት። ያ ነው መነሻዬ፣ እንዳትስቁ።

መጀመሪያ የከዳኝ ዓይኔ ነው። ከ45 በኋላ የቅርቡ እንደሚደበዝዝ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የኔ የሩቁንም ጨመረና፣ ከላይ ለሩቅ ከታች ለንባብ የሆነ መነጽር ታዘዘልኝ። ለቢሮ ሸጋ ነው፤ ለጨዋታ መከራ። ስታጎነብሱ አገጫችሁ ስቲኩ ላይ ያርፋል። ግንባራችሁ ወደ ታች ስላዘነበለ ዓይናችሁ የሚያየው በቅንድብ በኩል ነው። እዚያ ጋ ደግሞ መስታወቱ አልቋል! የማየው የፍሬሙን ጠርዝ ነው፤ ከጠርዙ በላይ የሟሟ ቀይ ነገር፣ ከጠርዙ በታች ኳስ የሚመስል ነገር፣ መሃሉ ላይ ጥቁር መስመር። አንገቴን ቀና ላድርግ ስል ደግሞ ማጅራቴ ይጮኻል።

ዴኒስ ቴይለርን የማስታወስ ዕድል የገጠማችሁ ታውቁታላችሁ፤ በፈረንጆቹ 1985 (የተጫዋቾቹን ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) በስኑከር የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ፣ እንግሊዝ ሼፊልድ ክሩሲብል አዳራሽ ውስጥ ስቲቭ ዴቪስን 18 ለ 17፣ ያውም በመጨረሻዋ ጥቁር ኳስ ያሸነፈው ሰው። ግዙፍ መነጽር ነበረው፣ ተገልብጦ የተሰካ የሚመስል። እኔ ለቀልድ የሚያደርገው ይመስለኝ ነበር። ለካ እንደኔ ተቸግሮ ነው! ጃክ ካርነም የሚባል፣ ራሱም የቀድሞ ተጫዋች የሆነ ሰው ነው የሠራለት፦ መስታወቱ ከቅንድብ በላይ ከፍ ይልና ትንሽ ያዘነብላል፣ ስታጎነብስ በመሃሉ በኩል ታያለህ። በቃ። ይሄን ይዤ መነጽር ቤት ሄድኩ። ልጁ ሳቀብኝ። አልፈረድኩበትም፤ ስልኬ ላይ ያሳየሁትን ፎቶ አይቶ ያልሳቀ ሰው የለም።

እቤት ገብቼ በአሮጌ ፍሬም ሞከርኩት። አፍንጫ ላይ የሚያርፉትን ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮች የያዘውን ሽቦ በትንሽ ፒንሳ ቀስ አድርጌ አቀራረብኩና ወደ ታች ገፋሁት። የመጀመሪያው ፍሬም ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ሁለተኛው ተሳካ፤ መነጽሩ አንድ ጣት ያህል ወደ ላይ ወጣ። መስታወቱን የሩቅ ብቻ አስደረግኩት። መንገድ ላይ አድርጌው ብሄድ ልጆች ይከተሉኛል፣ ግን ኅዳር መጨረሻ ላይ ከአሥር አምስት ገባ። እጄ ምንም አልተሻሻለም ነበር። ዓይኔ ብቻ ነው የተሻሻለው። በነገራችን ላይ ማርክ ዊልያምስ በ2025 የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ሲደርስ 50 ዓመቱ ነበር፤ ዓይኑ እያስቸገረው እንደሆነ እየተናገረ ነው የደረሰው። በዣኦ ሺንቶንግ 18 ለ 12 ተሸነፈ። እኔ ግን የዚያን ቀን ያሸነፈ ነው የመሰለኝ።

ቀጥሎ እጅ። ቅዳሜ ጠዋት ነው የምለማመደው። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ እኛ ቤት ቡና አለ፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ሦስቱንም ሳልጠጣ መነሳት ነውር ነው። አንድ ቀን ስቲኩ ጫፍ ላይ የተቀባው ቾክ ነጯ ኳስ ፊት ሲርገበገብ አየሁት። ቆጠርኩ፤ ሦስት ስኒ ጠጥቼ የመጣሁ ቀን ከአሥር ሦስት ወይ አራት፣ አንድ ስኒ ብቻ ከሆነ አምስት። በረካውን ለማለፍ ከባለቤቴ ጋር የተደረገው ድርድር ግን የሚጻፍ አይደለም።

የኔ የቡና ነው፣ ያልፋል። ቢል ወርብኒክ የሚባል ካናዳዊ ነበር፣ በ1980ዎቹ የታወቀ፣ እጁ በበሽታ የሚንቀጠቀጥ። ቢራ ሲጠጣ መንቀጥቀጡ ይቀንስለት ነበርና እየጠጣ ነበር የሚጫወተው፤ አንድና ሁለት አይደለም፣ ሰው እንደ ተረት የሚያወራለት ብዛት። የዚህ ዓይነቱን መንቀጥቀጥ አልኮል እውነትም ለጊዜው ያረጋጋዋል። ችግሩ ሲወጣ ብሶ መመለሱ ነው። ፕሮፕራኖሎል የሚባል የልብ ምት የሚያበርድ መድኃኒትም ይወስድ ነበር፤ መድኃኒቱ ሲከለከል የሱም ጨዋታ አበቃ። በ2003 በ56 ዓመቱ ሞተ። ይሄን ለፑል ቤቱ ልጆች ስነግራቸው የሰሙት ግማሹን ብቻ ነው። «ጋሼ፣ ታዲያ ኮምቦልቻ ቢራ ፋብሪካ እያለ ምን ያስጨንቅሃል» አለኝ አንዱ።

ወደ ትንፋሽ ልምጣ፤ ደብተሬን የቀየረው ይሄ ነው። እኛ ፑል ቤት መስኮት አለ፣ ግን አይከፈትም። የደሴ ብርድ ይገባል ተብሎ። የሕዝብ መሰብሰቢያ ቤት ውስጥ ማጨስ በአዋጅ 1112/2011 ተከልክሏል፤ ሲጋራው ግን አዋጁን ያነበበ አይመስልም። እኔ አላጨስም፣ ግን ማታ ሸሚዜን ሳወልቅ እንዳጨሰ ሰው ነው የምሸተው። አንድ ቀን ከጨዋታ በኋላ ዳገት ስወጣ ደረቴን ያዘኝ። ለመታየት ሄድኩ፤ ደም ግፊት፣ 150 በ95። ሐኪሟ ምን እንደምሠራ ጠየቀችኝ። «ቁጭ ብዬ እሠራለሁ፣ ማታ ቆሜ ፑል እጫወታለሁ» አልኳት። «ቆመህ ነው?» አለች። ተያዝኩ። ጓደኛችሁ ሲጫወት እኮ እናንተ አግዳሚ ወንበር ላይ ናችሁ።

ያን ሰሞን ነው ስለ ድሮ ተጫዋቾች ማንበብ የጀመርኩት። ከ1976 እስከ 2005 ድረስ የዓለም ሻምፒዮናውን ስፖንሰር ያደረገው የሲጋራ ምርት ነበር፣ ኤምባሲ። አዳራሹ ውስጥ ስሙ ተለጥፎ፣ ተጫዋቾቹ በየወንበራቸው እያጨሱ፣ በቴሌቪዥን። አሌክስ ሂጊንስ በ1972 እና በ1982 ሻምፒዮን የሆነው፣ ሰው ሁሉ ሊያየው የሚጋፋለት የቤልፋስት ልጅ፣ አጫሽ ነበር፣ ጠጪም ነበር። የጉሮሮ ካንሰር ያዘው። የጨረር ሕክምናው ጥርሱን ጨረሰው፣ መብላት አቃተው፣ ከስቶ አጥንቱ ቀረ። በ2010 ቤቱ ውስጥ ብቻውን ሞቶ ተገኘ፣ 61 ዓመቱ። ዳግ ማውንትጆይ የሚባለው ዌልሳዊ ደግሞ በ46 ዓመቱ ትልቁን የዩኬ ሻምፒዮና አሸነፈ፤ በ1993 የሳንባ ካንሰር ተገኝቶበት ግራ ሳንባው ወጣ። ግን እስከ 2021 ኖረ፣ 78 ሞላው። ባንድ ሳንባ! እኔ በሁለት ሳንባ የደሴን ዳገት አልችልም።

ይሄን ሁሉ ይዤ ፑል ቤት ገባሁና ሰበክሁ። ጭሱ ነው የሚገድለን፣ መስኮቱ ይከፈት አልኩ። እዚያ ቤት ውስጥ አንድ ትልቅ ሰው አሉ፤ ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው፣ ድሮ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ፣ 71 ዓመታቸው፣ ወጣት ሳሉ ከረንቡላ ያሳበዳቸው። አዳመጡኝና «ከነዚህ ውስጥ ረጅም ዕድሜ የኖረው ማነው?» አሉኝ። ሬይ ሪርደን አልኳቸው። በ1970ዎቹ ስድስት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነ፣ በ2024 በ91 ዓመቱ የሞተ። «ሥራው ምን ነበር?» የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ። አንዴ ዋሻው ተንዶበት ለሦስት ሰዓት ተቀብሮ ነበር። ጋሼ ሳቁ። «የከሰል አቧራ የዋጠው 91 ከኖረ መስኮቱን ተወው» አሉ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ግን ማታ ደብተሬ ላይ ከሪርደን ስም ቀጥሎ ፖል ሃንተርን ጻፍኩ። ማስተርስ የሚባለውን ትልቅ የስኑከር ውድድር ሦስት ጊዜ ያሸነፈ መልከ መልካም ልጅ። ካንሰር በ2006 ወሰደው፤ 28ኛ ልደቱ ሊከበር አምስት ቀን ሲቀረው። እሱን የትኛው ጭስ ገደለው ልበል? የትኛው ቢራ? እንደዚህ ዓይነቱ አለ፣ ምክንያት ፍለጋ አይመልሰውም። የሂጊንስ ግን የዚህ ዓይነት አይደለም። ሁለቱን አንድ ላይ ጨፍልቆ «ዕጣ ፈንታ» ማለት ለአጫሽ ይመቸዋል። እኔን አልተመቸኝም። ለጋሼ በማግስቱ እንደዚያው ብዬ ነገርኳቸው፤ ዝም አሉኝ፣ ይሄ ለሳቸው ብዙ ነው።

ከዚያ ወዲህ የለወጥኩት ጥቂት ነው። አንደኛ፣ የምጫወተው ጠዋት ሆነ፣ ቤቱ ተጠርጎ በሩ ክፍት ሆኖ ሳለ፤ ጭስ የለም፣ ሰው የለም፣ ብርዱ ግን አለ፣ ጣቴ እስኪሞቅ የመጀመሪያዎቹን አምስት ኳሶች አልቆጥራቸውም። ሁለተኛ፣ እሑድ እሑድ ወደ ጦሳ ተራራ ግርጌ እወጣለሁ። ሮኒ ኦሱሊቫን ሯጭ ነው፣ ሰባት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነው ሰውዬ፣ ሰባተኛውን በ46 ዓመቱ የወሰደ፤ የሪርደንን የትልቅ ዕድሜ ሻምፒዮንነት ክብር ያኔ ነው የነጠቀው። እሱ ይሮጣል፣ እኔ እራመዳለሁ፣ ያውም በየሃምሳ እርምጃው ቆሜ ከተማውን የማደንቅ እየመሰልኩ። በወር አንዴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ካለው ጓደኛዬ ጋር ስጫወት ግን ልዩነቱ ይታወቀኛል። ሙቀቱም አየሩም ያግዛል መሰለኝ፣ ትንፋሼ እዚያ ሰፊ ነው። ግፊቴ መጋቢት ላይ 138 በ86 ሆኗል፤ ጨውም ቀንሻለሁ፣ የእግር ጉዞው ብቻ ነው አልልም።

ሦስተኛ፣ ወገብ። በአንድ ቀን አሥር ሙከራ ሳይሆን መቶ ሞክሬ ለሁለት ቀን ጫማዬን ልጄ ነው ያሰረልኝ። አሁን ከወገብ ሳይሆን ከዳሌ ነው የማጎነብሰው፣ የኋላ እግሬን ቀጥ፣ የፊቱን ትንሽ እጥፍ አድርጌ። በየሃያ ደቂቃው ደግሞ ስቲኩን ትከሻዬ ላይ አጋድሜ ወዲያና ወዲህ እዞራለሁ፤ እረኛ መሰልክ ይሉኛል፣ ይበሉ።

የሰኔ ቁጥሬ ከአሥር ስድስት ነው። አንዴ ስምንት ገብቶ ነበር፣ የኮምቦልቻው ጓደኛዬ ምስክር ነው።

ደብተሬ ላይ የመጨረሻው ስም ቴሪ ግሪፊትስ ነው። የ1979 ሻምፒዮን፣ ከዚያ ለብዙዎች አሠልጣኝ የሆነ። በ2024 መጨረሻ በ77 ዓመቱ አረፈ፤ የመርሳት በሽታ ነበረበት። ስሙን ከጻፍኩ በኋላ ነው ጋሼን ልብ ብዬ ያየኋቸው። ባለፈው ሳምንት አንድ ለአንድ ስንጫወት፣ ተራቸው በደረሰ ቁጥር ግራ መዳፋቸውን ገለጥ አድርገው ያያሉ። እንደ ልማድ ነበር የወሰድኩት። ተጠግቼ ሳይ መዳፋቸው ላይ በሰማያዊ ቾክ አንድ መስመር ተሰምሯል። የሳቸው ባለ መስመሮቹ ኳሶች ናቸው፤ እንዳይረሱ ነው። ሙሉ ቀለሞቹ ሲደርሷቸው ነጥብ ያደርጋሉ። እንዳየሁ አዩኝ።

«የሹፌር ዘዴ ነው፤ ድሮም የጭነቱን ቁጥር እዚህ ነበር የምጽፈው» አሉኝና አጎነበሱ። ረጅም ኳስ ነበር፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። ያለ መነጽር ከተቱት።