አልጋ ሥር ያደረው ካርቶን

112 ተማሪዎች የሞሉት መጠይቅ በዘይት ካርቶን ውስጥ ሆኖ አልጋዬ ሥር ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ተቀምጧል። በሲባጎ አስሬዋለሁ። ቤት ስጠርግ መጥረጊያው ሲነካው ሆዴ ጭምድድ ይላል። ኋላ ላይ አልጋ ሥር መጥረጉንም ተውኩት።

የምኖረው አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የማስተርስ ኮርሶቼን በክረምት መርሐ ግብር ተምሬ በ2007 ዓ.ም. ጨረስኩ፤ መጠይቁን ደግሞ ሚያዝያ 2008 ላይ ሰበሰብኩ። የቀረኝ የመመረቂያ ጽሑፌን መጻፍ ብቻ ነበር። ርዕሱ ስለ ቤተ ሙከራ ትምህርት ነው፤ የማውቀውና የምወደው ነገር። ያም ሆኖ እስከ ጥቅምት 2011 ዛሬ ነገ ስል ከረምኩ።

ሰበብ አልቸገረኝም። ፈተና ማረም አለ፣ ፍልሰታ ገባ፣ የእህቴ ሠርግ ደረሰ። ጊዜ አጣሁ እያልኩ ራሴን አሳመንኩ። ከዚያ በ2010 የአጋማሽ ዓመት ዕረፍት መጣ፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ነፃ። በዚያ ሁለት ሳምንት መጋረጃ አጠብኩ፣ የቤቱን ልብስ ሁሉ ተኮስኩ፣ እናቴ ጋ ሄጄ የዓመቱን በርበሬ ቀነጠስኩ። ጣቶቼ እያቃጠሉኝ እስከ ማታ ተቀምጬ ስቀነጥስ እናቴ፣ «ልጄ፣ ያ ጽሑፍሽ ግን ደረሰ?» አለችኝ። «እየደረሰ ነው እማዬ» አልኳት። አንድ መስመር አልጻፍኩም ነበር።

ስለ ስንፍና የማስበው ነገር የተለወጠው በዚያ በርበሬ ነው። ሰነፍ ሰው በርበሬ ሲቀነጥስ አይውልም። ጉልበትም ጊዜም ነበረኝ፤ የሸሸሁት ያንን ካርቶን ብቻ ነው።

ምን እንደምሸሽ የገባኝ ግን ከወራት በኋላ ነው። አንድ ማታ አማካሪዬ ደወሉ። ስማቸውን ስክሪኑ ላይ ሳይ ስልኩን ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ጥሪው ሲቆም ትከሻዬ ወረደ፣ ትንፋሼ ተመለሰ። ያ እፎይታ ነው ያስደነገጠኝ። ስለ እንስሳት ጠባይ ለተማሪዎቼ ሳስተምር የምናገረው ነገር ነው፤ አንድ ድርጊት ከጭንቅ ካሳረፈ እንስሳው ያንኑ ድርጊት ይደጋግመዋል። እኔም በሸሸሁ ቁጥር በእፎይታ ስሸለም ኖሬያለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ የሠለጠንኩት መሸሽ ነው ማለት ነው።

ያን ሰሞን ስለ ጉዳዩ ማንበብ ጀመርኩ። ፉሺያ ሲርዋ እና ቲሞቲ ፒቸል የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳተሙት ጽሑፍ የኔኑ ታሪክ የሚያወራ መሰለኝ። ሥራን ማሳደር በዋናነት ጊዜን የመጠቀም ችግር አይደለም ይላሉ፤ ሥራው የሚቀሰቅሰውን መጥፎ ስሜት ለአሁኑ ለማስታገስ የሚደረግ ነገር ነው፤ ዕዳውን የሚከፍለው ደግሞ የነገው እኔነታችን ነው። ግድግዳዬ ላይ የለጠፍኩት ባለ ቀለም የጊዜ ሰሌዳ ለምን ምንም እንዳልፈየደልኝ ያኔ ገባኝ። ሰሌዳው ሰዓት ያከፋፍላል እንጂ ፍርሃቴን አይነካውም።

ስለዚህ አንድ ወረቀት አወጣሁና የምፈራውን ጻፍኩ። ከሁሉም የጠቀመኝ ይህ ነው፤ ማንም ሰው ሌላውን ቢተው ይህን እንዲሞክር እለምነዋለሁ። «ጽሑፉ ያስፈራኛል» ብዬ መተው አልፈለግኩም፤ ምኑ ነው ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። ሦስት ነገር ወጣ። አንደኛ፣ ኤስፒኤስኤስ የሚባለውን የስታትስቲክስ ሶፍትዌር አላውቅም፤ አላውቅም ማለትም አሳፍሮኛል። ሁለተኛ፣ ከ112ቱ መጠይቅ 19ኙ በግማሽ የተሞሉ ናቸው፤ መረጃሽ ዋጋ የለውም እንዳልባል ፈርቻለሁ። ሦስተኛውን ለመጻፍ እጄ ዘገየ፤ ሰው ሁሉ ጎበዝ ናት ይለኛል፣ ጽሑፉ ተራ ሆኖ ቢገኝስ?

የመጀመሪያው ሦስት ቅዳሜ ፈጀ። የሒሳብ መምህር የሆነ ባልደረባዬ ላፕቶፑን ይዞ መጥቶ አሳየኝ። ሁለት ዓመት የተሸከምኩት ጭነት ሦስት ቅዳሜ ብቻ ነበር።

ለሁለተኛው ፍርሃት አማካሪዬ ጋ መደወል ነበረብኝ። ምን እንደምል በወረቀት ጽፌ ይዤ ነው የደወልኩት። «ይቅርታ ዶክተር፣ ጠፋሁብዎት» ስል፣ «ኧረ አለሽ? ደህና ነሽ ወይ?» አሉኝ። ስለ 19ኙ ስነግራቸው ደግሞ፣ «ለይተሽ አውጫቸው፣ ስንት እንደሆኑ ጻፊ፣ በቀሩት 93 ቀጥዪ። ያለሽን ላኪልኝ፤ ሲያልቅ አትበዪኝ» አሉ። ንግግሩ ስድስት ደቂቃ አልሞላም። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ።

ሦስተኛው ፍርሃት ዛሬም አልለቀቀኝም። እሱ እያለ መሥራት ነው የተማርኩት።

ሥራውን ያስጀመረኝ ሻይ ነው። ፒተር ጎልዊትዘር የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1999 እንደጻፈው፣ «እሠራለሁ» ብሎ ከመወሰን ይልቅ «ይህ ሲሆን ይህን አደርጋለሁ» ብሎ ቦታና ሰዓት ማያያዝ ብዙ ይረዳል። እኔም ጠዋት ሻይ ስጥድ አምስት መጠይቅ ወደ ኤስፒኤስኤስ ለማስገባት ወሰንኩ። ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ላይ፣ በጥቅምት ብርድ፣ ጋቢ ደርቤ ማንቆርቆሪያውን ጣድኩ። የመጀመሪያው ቀን ሲባጎውን ፈትቼ ካርቶኑን ጠረጴዛ ላይ ከማውጣት በቀር ምንም አልሠራሁም። አቧራውን ጠረግኩ፣ ሻዬን ጠጣሁ፣ ወደ ሥራ ሄድኩ። በማግስቱ አምስት አስገባሁ። አንዳንድ ቀን ውሃው ፈልቶ፣ ሻዩ ተጠጥቶ እኔ አሥራ አምስተኛው ላይ ነኝ። አንዳንድ ቀን ከአምስት አላልፍም፤ ያም ተቆጥሯል።

ኅዳር ላይ አራት ቀን አከታትዬ ዘለልኩ። ድሮ ቢሆን «አየሽ፣ አንቺ እኮ እንዲህ ነሽ» ብዬ ራሴን ሰድቤ ካርቶኑን እመልሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 በካናዳው ካርልተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ የተሠራ ጥናት አንብቤ ነበር፤ ለመጀመሪያው ፈተና ጥናታቸውን በማሳደራቸው ራሳቸውን ይቅር ያሉት ተማሪዎች ለቀጣዩ ፈተና ያሳደሩት ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ራስን መውቀስ ሌላ የሚሸሽ ስሜት ይጨምራልና ምክንያቱ አይጠፋኝም። በአምስተኛው ቀን ዝም ብዬ ማንቆርቆሪያውን ጣድኩ።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። የሚወደውን ነገር እንኳ ማድረግ ያቃተው፣ እንቅልፍና ምግብ የራቀው ሰው ከሆነ ጉዳዩን ሻይና መጠይቅ አይፈታውም፤ ሐኪም ማየት አለበት። እንዲህ ያለውን ሰው «በርታ» ብሎ ማለፍ ግፍ ነው።

ሰኔ 2011 ጽሑፌን አቅርቤ ተመረቅኩ።

ባለፈው ዓመት አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪዬ የቤተ ሙከራ ሪፖርት ሦስት ጊዜ ሳያስረክብ ቀረ። ስንቱን ልጅ ሰነፍ ብዬ እንዳለፍኩ ሳስብ ዛሬም ያመኛል። አስቀረሁትና «ምኑ ነው የከበደህ?» አልኩት። ብዙ ቆይቶ፣ መሬት መሬት እያየ፣ «ቲቸር፣ ማይክሮስኮፑ ላይ ያየሁትን መሳል አልችልም። የነሱ ያምራል» አለኝ። የሽንኩርት ልጣጩን መልሼ ከማይክሮስኮፑ ሥር አስገባሁለት። «አንድ ሴል ብቻ ሳልልኝ» አልኩት። እርሳሱን ጠበቅ አድርጎ ይዞ ሳለ። መስመሩ ጠማማ ነው፤ የሴሉ ግድግዳና ኑክለሱ ግን ቦታቸው ላይ ናቸው። ከላይ ስሙን ጻፈና ሰጠኝ።