ፖም በኮረሪማ፦ ከመከለሻ የተማርኩት

ቨርጂኒያ ውስጥ ፖም በብዛት የሚደርሰው በመስከረምና በጥቅምት ነው። ከዋሽንግተን ዲሲ ወደ ምዕራብ ሲነዳ የሸናንዶዋ ሸለቆ አለ። ዊንቸስተር ከተማ አካባቢ ያሉ አንዳንድ እርሻዎች ሰው ገብቶ በእጁ እንዲለቅም ይፈቅዳሉ። ልጆች ይዞ የሄደ ሰው ደግሞ ሁለት ሦስት ፖም ይዞ አይመለስም፤ በዘንቢል ነው። ያን ሁሉ በጥሬው በልቶ መጨረስ አይቻልም። ስለዚህ ማብሰል ይመጣል።

አሜሪካኖች ፖምን በቀረፋ፣ በቅርንፉድና በገውዝ ያበስሉታል። ቀረፋና ቅርንፉዱ የእኛው የሻይ ቅመም ነው። እኔ የጨመርኩበት ኮረሪማ ነው። አሁን ቤታችን ፖም ያለ ኮረሪማ አይበስልም። ቀረፋ የፖሙን ጣፋጭነት ያጎላል። ኮረሪማ ግን ከኮምጣጣነቱ ጋር ይስማማል፤ አፍ ውስጥም ቆየት ይላል። ከከፋ ደኖች የሚወጣ ቅመም ከቨርጂኒያ ፖም ጋር እንዲህ መዋደዱ እስካሁን ያስደስተኛል።

አሠራሩ ቀላል ነው። 6 መካከለኛ ፖም ልጬ፣ መሐሉን አውጥቼ፣ በጣት ውፍረት እቆርጣለሁ። 2 የሾርባ ማንኪያ ለጋ ቅቤ አቀልጣለሁ። የተነጠረ ቅቤ አልጠቀምም፤ ኮሰረቱና በሶብላው የፖሙን ሽታ ይውጡታል። ቅቤው ላይ አንድ እንጨት ቀረፋና 2 ፍሬ ቅርንፉድ እንዳሉ እጥላለሁ። ሽታቸው ቤቱን ሲይዝ ፖሙን፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ስኳርና ቁንጥር ጨው እጨምራለሁ። በለዘብተኛ እሳት 10 ደቂቃ ያህል ከድኜ፣ ከዚያ ውሃው መጠጥ እስኪል ክዳኑን ከፍቼ አቆየዋለሁ። ሊወጣ ሲል ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተወቀጠ ኮረሪማ ነስንሼ፣ አንዴ አማስዬ አወርዳለሁ።

ይህ የመጨረሻው እርምጃ ነው ዋናው ነገር። መከለሻ ወጥ ላይ መቼ እንደሚገባ አስቡት። ድስቱ ሊወርድ ሲል ነው። እናቶቻችን ይህን የሚያደርጉት በምክንያት ነው። የቅመም ሽታ ያለው ዘይቱ ውስጥ ነው፤ ያ ዘይት በውሃ ሳይሆን በቅባት ይሟሟል፣ ብዙ ሲፈላ ደግሞ ከእንፋሎቱ ጋር ይበናል። ስለዚህ ሙሉው ቅመም መጀመሪያ ቅባት ላይ ይገባል፤ ቀስ እያለ ይሰጣል። የተፈጨው መጨረሻ ላይ ይገባል። ይህን ከያዛችሁ ለየትኛውም ፍሬ ይሠራል።

ቀረፋን በዱቄት መልክ ፈሳሽ ውስጥ አልጨምርም። እዚህ ሱቅ የሚሸጠው ቀረፋ አብዛኛው ካሲያ የሚባለው ነው፤ ዱቄቱ ሲፈላ ይዝለገለጋል። እንጨቱን ብቻ። ቅርንፉድም ከ2 ፍሬ አይለፍ። ምላስ የማደንዘዝ ባሕርይ አለው፣ ሌላውንም ቅመም ይሸፍናል። ኮረሪማውን ከነገለባው ገዝቼ በሚያስፈልገኝ ጊዜ እፈለፍላለሁ። ፍሬውን መጥበሻ ላይ ሞቅ ሞቅ አድርጌ በሙቀጫ እወቅጠዋለሁ። ተፈጭቶ የቆየ ኮረሪማ ሽታው ሄዷል፤ ገንዘባችሁን አታውጡበት።

የፖሙ ዓይነትም ለውጥ አለው። ግራኒ ስሚዝና ስቴይማን ኮምጣጣ ናቸው፣ ሲበስሉም ቅርጻቸውን ይይዛሉ። ኮረሪማ የሚያምረው በእነዚህ ነው። ማኪንቶሽ ይፈርሳል፤ እሱ ለልጆች ፖም ገንፎ ይሁን።

ፒር ግን ሌላ ጠባይ አለው። ጣፋጭና ለስላሳ ነው፣ ኮምጣጣነቱ ትንሽ ነው፤ ኃይለኛ ቅመም ይጫነዋል። ለፒር ሄልና ዝንጅብል ብቻ ነው የምመርጠው። ቦስክ የሚባለው ቡናማው ፒር ሲቀቀል አይፈርስም። 1 ሊትር ውሃ፣ 200 ግራም ስኳር፣ ፈንከት የተደረገ 8 ፍሬ ሄል፣ ጥቂት ስስ የዝንጅብል ቁራጭ። የተላጠውን ፒር በዚህ ውስጥ 20 ደቂቃ ያህል ቀስ ብሎ እንዲንተከተክ አድርጉ። ፒር ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሚበስል፣ ሲገዙ አንገቱ ጋ ጫን ብሎ ማየት ይሻላል። ለመቀቀል ገና ጠንከር ያለው ይመረጣል።

አሁን ስለ ጾሙ። ወርኃ ጽጌ መስከረም 26 ገብቶ ኅዳር 5 ያበቃል፤ ልክ የፖሙ ወቅት ነው። የጽጌ ጾም የፈቃድ ቢሆንም እኛ ቤት የሚጾም አለ። ከዚያ ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል፣ የአሜሪካኖቹ የምስጋና ቀንም ብዙ ጊዜ እሱ ላይ ይወድቃል። ፓይ የሚባለው በቅቤ የተጋገረ ስለሆነ ጾመኛው ጠረጴዛው ላይ ጦሙን ያድራል። ለዚህ ነው በዘይት መሥራትን በደንብ የያዝኩት። ሽታ የሌለው ዘይት ይሁን፤ የወይራ ዘይት የራሱ ጣዕም አለው። ፖሙ በዘይት ሲሠራ ስኳሩን ትንሽ ቀንሼ፣ ሲወርድ ሎሚ ጠብ አደርግበታለሁ።

ለምስጋና ቀን የማዘጋጀው ሌላው ክራንቤሪ ነው። በጣም ኮምጣጣ ነው፤ እንዲህ ያለ ፍሬ ኃይለኛ ቅመም ይችላል። ጥምዝ የምጠቀመው እዚህ ላይ ነው። 340 ግራም ክራንቤሪ፣ አንድ ኩባያ ስኳር፣ አንድ ኩባያ ውሃ፣ የብርቱካን ልጣጭ። ፍሬዎቹ እየፈነዱ 10 ደቂቃ ያህል ሲበስሉ ራሳቸው ይወፍራሉ። ሲወርድ ሩብ የሻይ ማንኪያ የተወቀጠ ጥምዝ። ሲቀዘቅዝ ይረጋል፣ ፍሪጅ ውስጥም አንድ ሳምንት ይቆያል። ሰዎች ከተርኪ ጋር ይበሉታል። እኔ ግን ከምስር ሳምቡሳ ጋር ነው የማቀርበው፤ ጾመኛውም ፍስከኛውም ይካፈለዋል።