ሁለተኛ ትራክ ለምን አልገዛሁም

አውሮራ፣ ኮሎራዶ፣ ሐበሻ ከሐበሻ ሲገናኝ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚመጣው የሥራ ወሬ ነው። የሥራ ወሬ ደግሞ ብዙ ጊዜ የትራክ ወሬ ነው። "ለኮምፓኒ ነው የምትነዳው ወይስ የራስህ ነው?" ይባላል። የራስህ ከሆነ "ስንት አለህ?" ይከተላል። አንድ ያለው ሁለት ለማድረግ ይሮጣል። ሁለት ያለው ሹፌር ይፈልጋል። ይሄ ነውር የለውም። ትራክ ስንት ቤተሰብ አቁሟል። አገር ቤት ስንት ልጅ ተምሮበታል፣ ስንት እናት ታክማበታለች።

እኔም ከእነዚህ አንዱ ነኝ። ደሴ አስተማሪ ነበርኩ። ዲቪ ደርሶኝ መጣሁ፣ መጀመሪያ ኤርፖርት ሻንጣ ጫንኩ፣ ከዚያ ሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) አውጥቼ ረጅም መንገድ ገባሁ። በኋላም የራሴን ትራክ ገዛሁ።

ይህን ለመጻፍ ያነሳሳኝ በቅርቡ የመጣ አንድ ወጣት ነው። "ጋሼ፣ ሁሉም ሰው የአምስት ዓመት ዕቅድ አውጣ ይለኛል። ምን ብዬ ላውጣ?" አለኝ። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ስለነበር ብዙ አላወራንም። በደንብ ሊመለስለት የሚገባ ጥያቄ ስለሆነ እዚህ ልመልስለት።

ረጅም መንገድ ስገባ ግቤ ግልጽ ነበር። የእናቴ የዓይን ሕክምና፣ የታናሽ ወንድሜ ትምህርት፣ ከዚያ የትራኩ ዕዳ። ሦስቱም በእግዚአብሔር ቸርነት አለቁ። ግብ ሲሳካ ሰው ደስ ይለዋል እንጂ ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። ዙሪያዬ ያለው ሰው ግን መልሱን አዘጋጅቶ ጠበቀኝ፦ ሁለተኛ ትራክ።

ወቅቱ በፈረንጆች አቆጣጠር 2021 ነበር። ያኔ መንገድ ላይ የነበረ ያውቀዋል። ሰው ቤቱ ተቀምጦ በኦንላይን ያዝዛል። ጭነቱ አያልቅም። ብሮከሮቹ፣ ማለትም ጭነት የሚያገናኙት ደላሎች፣ ራሳቸው ይደውላሉ። ዋጋው ጣሪያ ነክቷል። "አሁን ካልገዛህ መቼ ልትገዛ ነው?" የማይለኝ ጓደኛ አልነበረም። ባንኩም ሊያበድረኝ ዝግጁ ነበር።

እኔ ግን ወዲያው እሺ ማለት ከበደኝ። ምክንያቱን ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ።

እዚህ ላይ የሹፌር ሎግ፣ ማለትም የሥራና የእረፍት ሰዓት መዝገብ፣ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ፣ ለማያውቀው። ከፈረንጆቹ 2017 መጨረሻ ጀምሮ ሎጉ በወረቀት መሆኑ ቀርቶ ከሞተሩ ጋር በተያያዘ መሣሪያ ነው የሚመዘገበው። ሕጉ በ14 ሰዓት ውስጥ ከ11 ሰዓት በላይ አትነዳም ይላል። ከዚያ 10 ሰዓት ማረፍ አለብህ። በስምንት ቀን ደግሞ 70 የሥራ ሰዓት ከሞላህ፣ 34 ሰዓት በተከታታይ አርፈህ ነው ከዜሮ የምትጀምረው። ስክሪኑ ላይ አራት መስመሮች አሉ። አንዱ ከሥራ ውጪ፣ አንዱ ትራኩ ውስጥ መኝታ፣ አንዱ መንዳት፣ አንዱ ሳትነዳ የምትሠራው ሥራ። የቀንህ 24 ሰዓት ሁሉ ከአራቱ በአንዱ ላይ ይሰመራል። የሚቀር ደቂቃ የለም።

ነብራስካ ውስጥ፣ በአይ 80 መንገድ ላይ አንድ ትራክ ስቶፕ (የትራኮች ማረፊያ) ቆሜ ያን 34 ሰዓት እያረፍኩ ነበር። ዋዮሚንግ ላይ ነፋስ በርትቶ በላራሚና በሮውሊንስ መካከል ያለው መንገድ ተዘግቷል፣ ስለዚህ የሚያቻኩል ነገር የለም። ያለፉትን ሳምንታት ሎግ እያገላበጥኩ አየሁ። መንዳት፣ መኝታ፣ መንዳት፣ መኝታ። "ከሥራ ውጪ" በሚለው መስመር ላይ ያለው ሰዓት ራሱ አብዛኛው እንዲህ እንደዚያ ቀን ፓርኪንግ ውስጥ የቆምኩበት ነው። ሰው "ለምን ትሠራለህ?" ቢለኝ "ለልጆቼ" ነው የምለው። እውነትም ለእነሱ ነው። ሎጉ ላይ ግን ልጆቼ የሉም።

በዚያው ሰሞን ባለቤቴ የልጃችንን የትምህርት ቤት ፎርም ሞልታ ነበር። ልጅቷን ከትምህርት ቤት መውሰድ የሚችሉ፣ ድንገት ብትታመም የሚደወልላቸው ሰዎች ስም የሚጻፍበት ነው። ሦስት መስመር አለው። አንደኛ እሷ፣ ሁለተኛ ጎረቤታችን፣ ሦስተኛ የባለቤቴ እህት። ቤት ስመጣ ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፎ አየሁት። ባለቤቴን አልተቀየምኳትም። ልክ ነበረች። ሕፃኗ ብታተኩስ ተደውሎ የሚገኝ ሰው ነው የሚጻፈው፣ ነብራስካ ያለ ሰው አይጻፍም።

ስለ ዓላማና ስለ ግብ ብዙ ይባላል። "የምታምንበትን እሴት ጻፍ" ይላሉ። እኔ ወረቀት ይዤ ብቀመጥ እግዚአብሔር፣ ቤተሰብ፣ ሐቀኝነት ብዬ ነበር የምጽፈው። ከዚህ የተለየ ማን ይጽፋል? እንዲህ ያለ ዝርዝር ለማንም ይሆናል፣ ስለዚህ ምንም አይነግርህም። የረዱኝ ሌሎች ጥያቄዎች ናቸው።

አንደኛው፣ በማን ነው የምቀናው የሚል ነው። አምስት ትራክ ያለው ወዳጅ አለኝ። ሲሳካለት ደስ ይለኛል፣ ግን አልቀናበትም። የቀናሁት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በማውቀው አንድ ሰው ነው። የፓርኪንግ ሠራተኛ ነው። የልጆቹን አስተማሪዎች ስም ከነጠባያቸው ያወራል። "የሒሳቧ አስተማሪ ጥብቅ ናት፣ ግን ትወዳቸዋለች" ይላል። ያን ሲያወራ ሆዴን የሆነ ነገር ይነካኝ ነበር። ቅናት ኃጢአት ነው ብለን ቶሎ እናባርረዋለን። እኔ ግን ከማባረሬ በፊት ምን ሊነግረኝ እንደመጣ ጠየቅኩት።

ሁለተኛው፣ ሳልከራከር የማወጣው ገንዘብ የቱ ነው የሚል ነው። ጎማ ስገዛ እከራከራለሁ። ጫማ ስገዛ እከራከራለሁ። ለመጽሐፍ፣ ለልጆች ትምህርት፣ አገር ቤት ላለ ተማሪ ደብተር ስጠየቅ ግን እጄ ቀድሞ ኪሴ ይገባል።

ሦስተኛው፣ ማንም ሳይከፍለኝ ምን እሠራለሁ የሚል። ለዚህ መልሱ ሩቅ አልነበረም። ትራክ ስቶፕ ላይ አዲስ ሐበሻ ሹፌር ካገኘሁ ሰዓቴን ረስቼ ሳስረዳው እገኛለሁ። የተራራ ቁልቁለት እንዴት በዝቅተኛ ማርሽ እንደሚወረድ፣ እዚህ ኮሎራዶ ተራራ ላይ ካለው ከአይዘንሃወር ዋሻ ሲወጣ ብሬክ እንዴት እንደማይቃጠል። ዋሻው ከ3,400 ሜትር ከፍታ አካባቢ ነው፣ ቁልቁለቱ ቀልድ የለውም። አስተማሪነቴ ደሴ የቀረ መስሎኝ ነበር፣ አብሮኝ ነው የመጣው።

እነዚህን ሦስት ነገሮች አስቀምጬ ሁለተኛውን ትራክ አጠገባቸው ሳቆመው አልገጠመም። ሁለተኛ ትራክ ማለት ሹፌር መፈለግ፣ ለሁለቱም ጭነት መፈለግ፣ አንዱ ሌሊት ሲበላሽ ስልክ ማንሳት ነው። ከልጆቼ ያለኝን ትንሽ ጊዜም የሚበላ ነው። "ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም" ይላሉ የኛ ሰዎች። ሁለቱም ዛፍ ጥሩ ሊሆን ይችላል። መውጣት የሚቻለው ግን አንዱን ነው። የአምስት ትራኩ ወዳጄ የራሱን ዛፍ ነው የወጣው። ልጆቹ አድገዋል፣ ንግድ በደሙ ውስጥ ነው፣ ለወንድሞቹ ሥራ መፍጠር ይፈልጋል። ለሱ ልክ ነው። ለኔ ሲሆን ነው የሰው ወርቅ የሚሆነው።

ከባለቤቴ ጋር ተቀመጥን። እሷ የነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ) የሌሊት ሥራ ላይ ስለነበረች የምንገናኘውም በስንት መከራ ነው። "ከቤተሰብ ጋር ብዙ ጊዜ አሳልፋለሁ" የሚል ነገር ላለመጻፍ ተስማማን። እንዲህ ያለ ግብ መሳካቱም መቅረቱም አይታወቅም። የጻፍነው ይሄን ነው። በሥራ ቀን እራት አራታችንም አብረን እንበላለን። የትምህርት ቤቱ ፎርም ላይ ስሜ ሁለተኛ ይገባል። ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹን ፊደል አስተምራለሁ። የባንክ ዕዳ አንጨምርም።

ከዚያ ሒሳቡ መጣ። እዚህ ላይ መሸፋፈን አልፈልግም፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ልቡ እየፈለገ የሚቀረው ሒሳቡ ጋ ነው። ሎካል፣ ማለትም ማታ ቤት እየገቡ በአካባቢው ብቻ መንዳት፣ ገቢዬን ይቀንሳል። በደንብ ነው የሚቀንሰው። ቤት ለመግዛት የያዝነው ዕቅድ ወደኋላ ይሄዳል። በሌላ በኩል የራሱ ትራክ ያለው ሰው የጤና ኢንሹራንሱን ከኪሱ ነው የሚገዛው፣ ኮምፓኒ ሲቀጥርህ ግን ብዙ ጊዜ ለቤተሰብህም ያግዝሃል። ትራኩን ሸጥኩት። ያገለገለ ትራክ ያኔ ተፈላጊ ስለነበር ጥሩ ዋጋ አወጣ። ዕቁብም ነበረን። የኛ ዕጣ ሲደርስ ምንም ሳንገዛበት ለክፉ ቀን አስቀመጥነው። እነዚህ ሦስቱ ባይኖሩ ውሳኔውን አንድ ዓመት አዘገየው ነበር። ማዘግየትም ዕቅድ ነው፣ የሚጀመርበት ቀን ከተቆረጠለት።

የቀረው እናቴ ነበረች። ደወልኩላት።

"እማዬ፣ ከዚህ በኋላ የምልከው ትንሽ ሊቀንስ ነው።"

"ታመምክ እንዴ?"

"አይ፣ ደህና ነኝ። ማታ ማታ ቤቴ የምገባበት ሥራ ልይዝ ነው።"

"እሰይ! ለመድኃኒቴ ካልጎደለኝ ሌላው ምን ያደርግልኛል? ልጆቹ ግን ስልክ ላይ ሲመጡ ሃይ ሃይ ብቻ ነው የሚሉኝ። እሱን አስተካክልልኝ።"

ስለዚህ ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ጨመርን። ልጆቹ አያታቸውን ያለ አስተርጓሚ ያናግራሉ።

ጓደኞቼ ብዙ ብለውኛል። "ብሩ እየፈሰሰ?" ያለኝ አለ። በኋላ፣ 2023 ላይ የጭነት ዋጋ ወርዶ ብዙ ባለትራክ ሲቸገር "አንተ ቀድመህ አውቀኸው ነው" አሉኝ። አላውቅም ነበር። ዋጋው እንደዚያው ቢቀጥል ኖሮም መልሴ አይለወጥም። ይህን አጥብቄ የምናገረው ያ ወጣት እንዲሰማኝ ነው። ውሳኔህን ገበያው ትክክል ስላደረገው ብቻ ከወደድከው፣ ገበያው ሲገለበጥ ትጠላዋለህ።

አሁን ከዴንቨር መጋዘን ለሱፐርማርኬቶች ዕቃ አደርሳለሁ። በኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት እጀምርና ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ እጨርሳለሁ። ሥራው ከረጅሙ መንገድ ይልቅ ሰውነትን ይጎዳል፣ ምክንያቱም መጫንና ማራገፍ አለው። ወገቤ ያመኛል። እስካሁን በኪራይ ቤት ነን። ልጄ ስታተኩስ ትምህርት ቤቱ ሁለት ጊዜ ደውሎልኝ ሄጄ ወስጃታለሁ። ለሰው ቀላል ነገር ነው። ለኔ ግን የዓመቱ ትልቅ ነገር ያ ነበር። ትንሹ ልጄ ለአያቱ ስለ ትምህርት ቤቱ ምግብ በአማርኛ ይነግራታል። "ሾርባው አይጣፍጥም" ይላታል፣ እሷም ከደሴ ሆና ምን መደረግ እንዳለበት ታስረዳዋለች።

ማስተማሩም ቦታ አገኘ። የአሜሪካ ሕግ ሹፌር ከፖሊስና ከሌላ ሰው ጋር የሚግባባበት እንግሊዝኛ እንዲኖረው ድሮም ያዛል። ከሰኔ 2025 ጀምሮ ግን ፍተሻ ላይ መግባባት ያቃተው ሹፌር እዚያው ከመንዳት ይታገዳል። የኛ ልጆች ደነገጡ። መንዳቱን አሳምረው ይችላሉ፣ ሲጠየቁ ግን ከፍርሃት የተነሳ የሚያውቁት ቃል ይጠፋባቸዋል። እሑድ ከሰዓት ተሰብስበን እንለማመዳለን። እኔ ፖሊስ እሆናለሁ። ከየት ነው የመጣኸው? የጫንከው ምንድን ነው? ሎግህን አሳየኝ። ምልክቶቹን አንድ በአንድ እናነባለን። ደሞዝ የለውም። ከሳምንቱ ውስጥ ጉልበት የሚጨምርልኝ ቀን ግን ያ ነው።

ሰሞኑን አንድ የመንጃ ማሠልጠኛ አስተማሪ እንድሆን ጠይቆኛል። ከ2022 ጀምሮ አዲስ ሲዲኤል የሚያወጣ ሰው በተመዘገበ ተቋም መሠልጠን አለበት። መንዳት የሚያስተምረው ሰው ደግሞ መንጃ ፈቃዱና ቢያንስ የሁለት ዓመት ልምድ ሊኖረው ይገባል። ሁለቱም አሉኝ። በጣም የምፈልገው ሥራ ነው። ክፍሉ ቅዳሜ ጠዋት ነው አሉኝ። ወረቀቱን ከባለቤቴ ጋር አይተን መለስኩላቸው፤ ቅዳሜ ጠዋት የልጆቼ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ከሆነ እመጣለሁ አልኳቸው። መልሳቸውን እየጠበቅኩ ነው።