ስለ ነገ መጠየቅ ክልክል ነው

ንግድ ለመጀመር ለሚያስቡ ወጣቶች ዲዛይን ቲንኪንግን፣ ማለትም ከተጠቃሚው ችግር ተነስቶ መፍትሔ የመፈለጊያ ዘዴን፣ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ እንደ ዘንድሮው ዙር ያስደሰተኝ የለም። ሠልጣኞቼ የሚወዱትን ሐሳብ ማንም ሳያስገድዳቸው ጣሉ።

የአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የዲዛይን ተቋም፣ ዲ ስኩል፣ ያስፋፋቸውን የዘዴውን አምስት ደረጃዎች፣ ማለትም ተጠቃሚውን መረዳት፣ ችግሩን መለየት፣ ሐሳብ ማፍለቅ፣ ናሙና መሥራትና መሞከርን፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ እጨርሳቸዋለሁ። ባለቀለም ተለጣፊ ወረቀት ግድግዳ ላይ መደርደር ደግሞ ሥራ የተሠራ ያስመስላል እንጂ ሥራ አይደለም ባይ ነኝ።

ፈተናው ቃለ መጠይቁ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ወጣት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ እናቱ የሚሆኑ ነጋዴን «እንዲህ ያለ መተግበሪያ ብንሠራ ይጠቀሙበታል?» ቢል የሚያገኘው ምርቃት ነው። «በጣም ጥሩ ነው ልጄ፣ እግዚአብሔር ያሳካልህ» ይሉታል። እሱም «ፍላጎት አለ» ብሎ መዝግቦ ይመለሳል። ሴትዮዋ አልዋሹም፤ የሰው ልጅ ፊት ለፊት ማሳፈር ከብዷቸው ነው።

ስለዚህ ስለ ነገ መጠየቅን ከለከልኩ። የሚፈቀደው ስለ ትናንት ብቻ ነው፦ ትናንት ምን አስቸገረዎት? ያን ጊዜ ምን አደረጉ? ከዚያ አፍን ይዞ ማየት።

በ2007 እ.ኤ.አ. የስታንፎርድ ተማሪዎች ርካሽ የጨቅላ ሕፃናት ማሞቂያ እንዲሠሩ ታዘው፣ ኔፓል ሄደው ሲያዩ ሕፃናቱ ያሉት ከሆስፒታል ርቆ ገጠር መሆኑን ተረድተው ሙቀት የሚይዝ ከረጢት መሥራታቸውን ሁልጊዜ እተርክ ነበር። ጥሩ ታሪክ ነው፤ ለእኛ ሠልጣኝ ግን ሩቅ ነው። አሁን የቅርብ አገኘሁ።

አንድ ቡድን ለጀበና ቡና ሻጮች የማዘዣ መተግበሪያ አስቦ ነበር። ከአንዲት ሻጭ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ረፋዱን አሳለፉ። ደንበኛ በቴሌብር ከፍሎ የስልኩን መስኮት ያሳያታል። እሷ ሲኒ እያጠበች ነው፤ እጇ እርጥብ ነው፤ ስልኳ ባትሪው አልቆ ጎረቤት ሱቅ ተሰክቷል። «እሺ» ብላ ታሳልፈዋለች። የቸገራት የገባውን ክፍያ ካልገባው መለየት ነበር እንጂ ትዕዛዝ አይደለም፤ ሲጠይቋት ግን ይህን አንድም ጊዜ አላነሳችውም።

ናሙናቸው ባዶ ጣሳ ሆነ። በቴሌብር የከፈለ ሰው ባለፈ ቁጥር አንድ ፍሬ ጥሬ ቡና ጣል ማድረግ፣ ማታ ፍሬውን ከክፍያ መልእክቶቹ ጋር ማመሳከር። ኮድ ከመጻፍ በፊት በጣሳ ወይም በካርቶን ያልተሞከረ ነገር ከእንግዲህ ክፍሌ አይገባም።

ችግሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስጻፍ ግን አሁንም አልሆነልኝም። «ችግሩ የመተግበሪያ እጥረት ነው» ብለው ይጽፋሉ። የማንኛውንም መሣሪያ ስም መጥራት ስከለክል፣ ቀድሞ ሱቅ ውስጥ የሠሩት ወዲያው ይገባቸዋል። በቅርቡ የተመረቁት ግን «መተግበሪያ» የሚለውን ሰርዘው «ዘመናዊ ሥርዓት» ብለው ያመጡልኛል።