ሚዛኑ ላይ የወጣው ውሃ

ፒሪዲኑ (ናይትሮጅን ያለበት ቀለበታዊ ሞለኪውል) ክላስተሩ (እርስ በርስ የተያያዙ ሦስት የኦስሚየም አቶሞች ያሉት ሞለኪውል) ላይ ተቀምጧል፤ ሃይድሮጅኑ ግን ከግማሹ አልተነቀለም። ውህዶችን የሚለየው የክሮማቶግራፊ ሳህን ሁለት ቢጫ መስመር አወጣ፤ በኤንኤምአር (የአቶሞችን አካባቢ በማግኔት በሚያነብ መለኪያ) ከዜሮ በታች 15 ፒፒኤም አካባቢ የሚጠበቀው የሃይድራይድ (ከኦስሚየሙ ጋር የተያያዘ ሃይድሮጅን) ምልክት የታየው በአንደኛው ብቻ ነው። ሥራውን የያዘው ጀማሪ ጥፋቱን ፒሪዲኑ ላይ አሳበበ፤ አጣርቶ ደገመው፣ ውጤቱ ያው ሆነ።

ሦስት ኦስሚየም ያለው ክላስተር የካርበንና የሃይድሮጅንን ቦንድ የሚሰብረው ሁለት አቶሞቹ ተጋግዘው ነው። ናይትሮጅኑ አንዱን ኦስሚየም ሲይዝ፣ ከናይትሮጅኑ ጎን ያለው ካርበን ከነሃይድሮጅኑ ጎረቤት ኦስሚየም ፊት ለፊት ይወድቃል። እዚያ ክፍት ቦታ ካገኘ ቦንዱ ይሰበራል፤ ካርበኑ ጎረቤቱን ኦስሚየም ይይዛል፣ ሃይድሮጅኑም በሁለቱ መካከል ድልድይ ሆኖ ይቀራል። የተለቀቀው ቦታ አንድ ብቻ ከሆነ፣ ካልተሞቀ በቀር ፒሪዲኑ እንዳለ ተለጥፎ ይቀመጣል።

ቦታ የሚያስለቅቀው ትራይሜቲልአሚን ኦክሳይድ ነው። ኦክስጅኑን ክላስተሩ ላይ ለተያያዘው ካርቦን ሞኖክሳይድ (ካርቦኒል) ይሰጥና ካርቦን ዳይኦክሳይድ አድርጎ ያስወጣዋል፤ በቦታው አሴቶናይትራይል ይገባል፣ እሱም በቀላሉ ይነሳል። ሁለት ቦታ ለማስለቀቅ፣ ለ100 ሚሊ ግራም ትራይኦስሚየም ዶዴካካርቦኒል (መነሻው ክላስተር፣ 0.110 ሚሊ ሞል) በሞል 2.2 እጥፍ ሲታሰብ ደረቁ ኦክሳይድ 18.2 ሚሊ ግራም ይደርሳል። ጀማሪው የመዘነውም ልክ ይህንኑ ነው።

ጠርሙሱ «ደረቅ» ይላል። ዱቄቱ ግን በማንኪያው ጫፍ ላይ ተጓጉሎ ነበር። ደረቁ ሲያልቅ አንድ ሰው ከገበያ የሚመጣውን ዳይሃይድሬት (ከውሃ ጋር የተያያዘውን ዓይነት) በዚያው ጠርሙስ ገልብጦታል። የዳይሃይድሬቱ ክብደት 32 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው፤ ስለዚህ 18.2 ሚሊ ግራሙ 2.2 ሳይሆን 1.5 እጥፍ ገደማ ብቻ ሆነ። የመጀመሪያው ካርቦኒል ከሁሉም ክላስተር ተነሳ፣ ሁለተኛው ከግማሹ ያህል ብቻ። ዳይሃይድሬቱ ራሱ ቢታሰብበት 27.0 ሚሊ ግራም ያስፈልግ ነበር። ሆኖም ውሃው ራሱ ክላስተሩ ላይ ገብቶ ሃይድሮክሲል ሊተክል ስለሚችል፣ በቫኩም ሰብላይም አድርጎ (ከጠጣር በቀጥታ አትንኖ መልሶ በማጠንከር) ማድረቁ ይሻላል።

«ለማንኛውም» ብሎ አብዝቶ መጨመርም አያዋጣም፤ ከልክ በላይ ካርቦኒል ይነሳና ክላስተሩ ቡናማ ሆኖ ይበላሻል። በአሴቶናይትራይል አሟሙቶ፣ በናይትሮጅን ሥር፣ ክላስተሩ ባለበት ዳይክሎሮሜቴን ላይ ጠብታ በጠብታ ነው የሚጨመር። ቀለም አይታመንም፣ መነሻውም ውጤቱም ቢጫ ነውና። የሚታመነው የኢንፍራሬድ ስፔክትረም ነው፦ 2105 cm⁻¹ ላይ ደካማ መስመር ካለ አንድ ቦታ ብቻ የተለቀቀበት ክላስተር አለ ማለት ነው፤ ፒሪዲኑ ገና አይጨመርም። (የኦስሚየም ቅሪት ደግሞ ፔሮክሳይድ ወይም ናይትሪክ አሲድ ያለበት ማስወገጃ ውስጥ አይደፋም፤ የሚተነው ቴትሮክሳይድ ዓይን ያጠፋል።)

በሦስተኛው ሙከራ በደረቀው ዱቄት ሲሠራ 2105 ላይ ያለው መስመር ጠፋ፣ ሳህኑም አንድ መስመር ብቻ አወጣ። ጠርሙሱ ላይ «ደረቅ» የሚለው ተፍቆ ሞለኪውላዊ ክብደቱ ተጻፈበት፦ 75.11።